ናሙና ስጪ ተባልሽ? ነይ እስቲ ቁጭ በይ

እህትዓለም፣ መጀመሪያ ፊትሽን ፍቺው። ሐኪሙ ባዮፕሲ ያዘዘው ያለብሽን አውቆ ሊደብቅሽ አይደለም፤ በእጁ ዳብሶ፣ በአልትራሳውንድ አይቶ መለየት ስላልቻለ ነው። ከተጠረጠረው ቦታ ትንሽ ሥጋ ወይም ጥቂት ሴል ይወሰድና በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ነገሩ ይኸው ነው። አንገት ላይ የወጣ ንፍፊት ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ የጥርስ ሕመም ያመጣው ሊሆን ይችላል፣ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲዳሰሱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። በአገራችን የአንገት ንፍፊት ብዙ ጊዜ ቲቢ ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። የጡት አልትራሳውንድ ወረቀትሽ ላይ «ባይራድስ 4» የሚል አንብበሽ ሌሊቱን ሳትተኚ አድረሽ ከሆነም ስሚኝ፤ ያ ቁጥር ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 እስከ 95 በመቶ የሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ያቀፈ ነው። ትርጉሙም «ናሙና ይወሰድ» ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ምክሬ አንዷን ብቻ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ይቺን ያዢ፦ ናሙናው ካንቺ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ውጤቱ ሐኪምሽ እጅ እስኪገባ ድረስ ዓይንሽ ከሱ አይነቀል። ሐኪሙ ይወጋል፣ ላብራቶሪው ይሠራል፤ መሃሉን የምትጠብቂው ግን አንቺ ነሽ።

አንደኛ፣ «ከተነካ ይቆጣል» የሚሉሽን በአክብሮት ሰምተሽ እለፊያቸው። «እትዬ እገሊት ጡቷን መርፌ ከነካት በኋላ ወር አልቆየችም» ይሉሻል። እትዬ እገሊት ሐኪም ቤት የሄደችው እብጠቱ ቆዳዋን ቀዶ ከወጣ በኋላ መሆኑን ግን አይነግሩሽም። መርፌው ባለፈበት መንገድ ሴል የሚንጠባጠበው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ሐኪሞቹም ስለሚያውቁት የሚወጉበትን አቅጣጫ አስቀድመው ያስቡበታል። እንዲያውም የት መወጋት እንደሌለበት ጠንቅቀው ያውቃሉ። የወንድ የዘር ፍሬ ላይ ካንሰር ሲጠረጠር በመርፌ አይነኩትም፤ በብሽሽት በኩል ከፍተው ፍሬውን እንዳለ ያወጡታል። በሕፃናት ዓይን ውስጥ የሚወጣው ሬቲኖብላስቶማም እንዲሁ አይወጋም። ስለዚህ ያንቺን እንወጋለን ካሉ አስበውበት ነው።

ጸበል መሄድ ካማረሽ ሂጂ፣ የኔ እናት፤ ተጠመቂ፣ ጸልዪ። ቀጠሮሽ ግን በሱ ምክንያት አይለፍሽ። እብጠቱን ማሳሸት፣ በባህል መድኃኒት መተኮስና ማቃጠል ክልክል ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ቦታው አንዴ ከቆሰለ ናሙናውን መውሰዱም ማንበቡም ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ የትኛው ዓይነት እንደታዘዘልሽ እወቂ። «ባዮፕሲ ነው አሉኝ» ብለሽ ብቻ አትምጪብኝ።

ቀላሉ ኤፍኤንኤ የሚሉት፣ በቀጭን መርፌ ሴል የሚሳብበት ነው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚወስደው ራሱ ፓቶሎጂስቱ ነው፤ ያው በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም ማለት ነው። እንቅርት ከሆነ በጀርባሽ ያስተኙሽና ትከሻሽ ሥር ትራስ አድርገው አንገትሽን ወደ ኋላ ያዘነብሉታል። ቦታው በአልኮል ይጠረጋል። መርፌው ደም ሲቀዱሽ ከለመድሽው ቢቀጥን እንጂ አይወፍርም፤ ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማደንዘዣ የሚሠራው። ከገባ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። በዚያች ቅጽበት ምራቅ መዋጥ የለም፣ ማውራት የለም፤ ለአንቺ ሁለተኛው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ ግን ቻዪው። የወጣችው ጠብታ መስታወት ላይ በስሱ ትለጠጣለች። ሁለት ሦስቴ ቢወጉሽ ስተው አይደለም፤ ከተለያየ አቅጣጫ በቂ ሴል እንዲገኝ ነው።

ወፈር ያለው ኮር ባዮፕሲ ነው። እህል በረንዳ ነጋዴው ጆንያውን ሳይፈታ ጫፉ የሾለ ክፍት ብረት ሰክቶ ከመሃል እህል ሲያወጣ አይተሽ የለ? ኮር መርፌም እንዲያ ነው፤ ከዕጢው መሃል ቀጭንና ረዘም ያለ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ራዲዮሎጂስት በአልትራሳውንድ እያየ ይወስደዋል፣ አለዚያም ቀዶ ሐኪሙ ይወስደዋል። መጀመሪያ በሊዶካይን ያደነዝዙሻል፤ ዋናው ሕመም እሱ ሲገባ ያለው ማቃጠል ነው። ከዚያ ቆዳሽን በምላጭ ጫፍ ትንሽ ይበሱታል። መርፌው በስፕሪንግ ስለሚሠራ «ቀጭ!» ይላል። አስቀድመው ድምፁን እንዲያሰሙሽ ጠይቂ፤ ያለዚያ ከአልጋው ዘለሽ ትወርጃለሽ፣ አውቅሻለሁ።

ጡት ላይ ኮር የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፍኤንኤ የሚያሳየው የተበተነ ሴል ነው፤ ኮር ግን ሴሎቹ እንዴት እንደተደረደሩና ድንበራቸውን አልፈው እንደሆነ ያሳያል። ካንሰር ሆኖ ከተገኘም የኢስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና የሄር2 ምርመራ ከዚያው ቁራጭ ይሠራል፤ መድኃኒቱ የሚመረጠውም በነዚህ ነው። ስለዚህ ለጡትሽ ኤፍኤንኤ ብቻ ታዞልሽ እንደሆነ፣ «ዶክተር፣ ኮር ማድረግ ይቻል ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

ሦስተኛው ዓይነት በቀዶ የሚወሰደው ነው። ዕጢው ትንሽ ከሆነ ሙሉውን፣ ትልቅ ከሆነ ቁራጩን ያወጣሉ። ሊምፎማ ሲጠረጠር ንፍፊቱ እንዳለ ቢወጣ ይመረጣል፤ በቀጭን መርፌ ብቻ ዓይነቱን መለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ ማን ዘንድ እንደምትሄጂ እወቂ፤ ወረፋ ይዘሽ ከዋልሽ በኋላ «እዚህ አይደለም» እንዳይሉሽ።

ቆዳ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ነው። ክብ ስለት ባላት ትንሽ መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊሜትር ስፋት ባላት፣ ተደንዝዞ ይወሰዳል፤ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከሆንሽ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀው አለርት ሆስፒታል አለልሽ። እግረ መንገድሽን ደግሞ እግርሽን ስትታጠቢ ውስጥ እግርሽን ገልብጠሽ እዪ። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው እዚያና ጥፍር ሥር ነው፤ የጠቆረና የሚሰፋ ነገር ካየሽ «ጫማ መትቶኝ ነው» ብለሽ አትተዪው።

የማህፀን በር ከሆነ የማህፀን ሐኪም ነው። ከአቼቶ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቀጭን አሲድ ይቀባና የተለወጠው ቦታ ነጭ ይሆናል፤ ኮልፖስኮፕ በሚባል ማጉያ እያዩ ከነጩ ቦታ ቅንጣት ያነሳሉ። የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ነገር ይሰማሻል፤ ቶሎ ያልፋል። ለጥቂት ቀን ጠቆር ያለ ፈሳሽ ቢታይሽ አትደንግጪ፤ ደሙን ለማቆም የቀቡት መድኃኒት ነው። ሐኪሙ እስከፈቀደልሽ ቀን ድረስ ግንኙነት ይቆይ፤ ባልሽ ካጉረመረመ ወደኔ ላኪው።

ጨጓራና ምግብ ቧንቧ ከሆነ የጨጓራና አንጀት ሐኪም በኢንዶስኮፒ ይወስደዋል። ጾመሽ ትሄጃለሽ፣ ጉሮሮሽ ላይ ማደንዘዣ ይነፋል፣ ቱቦው ይገባል። የሚያስቸግረው ማቅለሽለሹ ነው፤ ቅንጣቷ ስትነሳ ግን አይሰማሽም፣ የጨጓራ ውስጠኛው ቆዳ መቆረጥ አያውቅምና። በተለይ አርሲና ባሌ ያላችሁ፣ ምግብ ስትውጡ መያዝ ከጀመረ ሳምንት አትጨምሩበት፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በዚያ አካባቢ በብዛት ይታያል።

መቅኔ ከሆነ የደም ሐኪም ነው። ከኋላ በኩል ከዳሌ አጥንት ነው የሚወሰደው። ቆዳውና የአጥንቱ ሽፋን ይደነዝዛል፤ ፈሳሹ በሲሪንጅ ሲሳብ ግን ማደንዘዣ የማይደርስበት አጭርና ኃይለኛ የመጎተት ስሜት አለ። «ምንም አይሰማሽም» ካሉሽ አትመኚያቸው፤ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ያልቃል። ካላዛር ሲጠረጠር ደግሞ ከመቅኔ ወይም ከጣፊያ በመርፌ ይቀዳል፤ ከጣፊያ መውሰድ ደም ሊያፈስ ስለሚችል የለመደ እጅ ይፈልጋል። መተማና ሁመራ ለእርሻ ሥራ ወርዶ ትኩሳት ያልለቀቀው ወንድም ካለሽ ይህን ንገሪው።

ኩላሊት ከሆነ የኩላሊት ሐኪም ነው። በሆድሽ ትተኚያለሽ፣ በአልትራሳውንድ እያዩ ከጀርባ ይወስዳሉ፤ ከዚያ ለሰዓታት በጀርባሽ ተንጋለሽ ትቆያለሽ፣ ሽንትሽም ደም እንዳለውና እንደሌለው ይታያል። ጉበት ከሆነ ከቀኝ የጎድን አጥንትሽ መካከል ነው፤ ከተወሰደ በኋላም ሐኪም ቤት ትቆያለሽ። ሳንባ ከሆነ የሳንባ ሐኪም በብሮንኮስኮፕ፣ ወይም ራዲዮሎጂስት በሲቲ ስካን እየተመራ ይወስደዋል። አጥንት ከሆነ ወደፊት ቀዶ ሕክምናውን ከሚሠራው የአጥንት ሐኪም ጋር ሳይመካከሩ ማንም አይንካው፤ መርፌው የሚገባበት ቦታ የኋላውን ቀዶ ሕክምና ያበላሻል ወይም ያቀልላል። ለጉሮሮና ለአፍንጫ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ወንድሞቼን አልረሳኋችሁም። ፕሮስቴት ሲሆን ዩሮሎጂስት ነው። ብዙ ጊዜ 12 ያህል ቀጫጭን ናሙና ይወሰዳል፤ በፊንጢጣ በኩል ከሆነ ኢንፌክሽን እንዳይፈጠር አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሽንትና የዘር ፈሳሽ ላይ ለጊዜው ደም ይታያል። አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ ሚስቶቻችሁ ልጅ ሲወልዱ ስንት ሐኪም እንዳያቸው አስቡና ታገሡ።

አራተኛ፣ ከመሄድሽ በፊት አፍሽን ክፈቺ። የምትውጪውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ አስፕሪን፣ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ ከጎረቤት የተሰጠሽ ሥርም ቢሆን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በራስሽ ሥልጣን እንዳታቆሚ፣ አደራ፤ በተለይ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ካለሽ። መቼ ቆሞ መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ሐኪም ነው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ከተጠራጠርሽ ተናገሪ። ጉበትና ኩላሊትን ለመሰሉት ደምሽ በደንብ እንደሚረጋ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። ለጡት ከሆነ ቀሚስ ሳይሆን ከላይ ብቻ የሚወልቅ ልብስ ልበሺ። የስምምነት ቅጹን ሳታነቢ አትፈርሚ። ብቻሽን አትሂጂ፤ አብራሽ የምትሄደው ግን መንገድ ላይ አብራሽ የምታለቅስ አትሁን።

አምስተኛ፣ ብልቃጡ። እዚህ ጋ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። በብዙ ሐኪም ቤት ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ የሚያደርሰው አስታማሚው ነው፤ አንዳንዴም ከተማ አቋርጦ ወደ ግል ላብራቶሪ። ነርሷ ብልቃጡን ስትሰጥሽ ከበሩ ሳትወጪ የተለጠፈበትን አንብቢ፦ ስምሽ ከነአባትሽና አያትሽ፣ የካርድ ቁጥርሽ፣ ቀኑ፣ ከየት እንደተወሰደ፣ ግራ ይሁን ቀኝ። የተጻፈው ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ «እባክሽ እህቴ፣ ብልቃጡ ላይም ጻፊልኝ» በያት፤ ክዳን ይቀያየራል፣ ስምሽን የምትጋራሽ ሴትም በዚያው ቀን አትጠፋም። ውስጡ ያለው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ፎርማሊን ነው። ሥጋውን በደንብ መዋጥ አለበት፤ ደንቡ ከሥጋው 10 እጥፍ ያህል እንዲሆን ነው። አትክፈቺው፣ ዓይን ያቃጥላል። ውሃ አትጨምሪበት፣ ፍሪዘር አታስገቢው፤ «በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ውሰጂው» የሚልሽ ከመጣም እሺ አትበዪ። በዚያው ቀን አድርሺው። የጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ የሆርሞኑ ምርመራ ይዛባል። ዓርብ ተወስዶ ቅዳሜና እሑድ ቤትሽ ቁም ሣጥን ላይ እንዳያድር!

ሁለት ብልቃጥ ከሰጡሽ አትቀላቅያቸው። ቲቢ ሲጠረጠር ለባክቴሪያው ምርመራ የሚሄደው ሳላይን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድለዋል። መጠየቂያ ወረቀቱንም እዪው። ዕድሜሽ፣ እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ የአልትራሳውንዱ ውጤትና ቀድሞ የተወሰደ ናሙና ካለ መጻፍ አለበት። ባዶ ወረቀት የደረሰው ፓቶሎጂስት ግማሹን ታሪክ ሳያውቅ ነው የሚያነበው። የተቀበሉበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሺው።

ስድስተኛ፣ «ለምን እስካሁን?» ብለሽ ፀጉርሽን አትንጪ። ሥጋው ይለካል፣ ይቆረጣል፣ በአልኮል ውሃው ይወጣለታል፣ ፓራፊን ሰም ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ከዚያ ማይክሮቶም በሚባል መቁረጫ መሣሪያ 4 ማይክሮን ያህል ይሳሳል፤ ፀጉርሽ ከሱ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ስሷ ቅጠል ሙቅ ውሃ ላይ ትንሳፈፍና በመስታወት ትነሳለች፣ ሐምራዊና ሮዝ ትቀባለች፣ ፓቶሎጂስቱ ፊት ትቀርባለች። አጥንት ከሆነ ካልሲየሙ እስኪሟሟ ድረስ ቀናት ይጨመራል። አሻሚ ሆኖ ተጨማሪ ቀለም ካስፈለገም ይዘገያል። መዘግየቱ ክፉ ምልክት ነው ብሎ የነገረሽ ማነው? ሲረከቡሽ «መቼ ልምጣ?» ብለሽ ቀኑን ያዢ፤ ቀኑ ካለፈ ሄደሽ ጠይቂ።

ሰባተኛ፣ ቤት ስትገቢ ጀግና አትሁኚ። የተወጋው ቦታ ትንሽ ቢጠቁርና ቢያም ወግ ነው፤ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ጡት ከሆነ ጠበቅ ያለ ጡት ማስያዣ አድርጊ፣ ለአንድ ሁለት ቀን ከባድ ዕቃ አታንሺ፤ እንስራውንም ልጁንም ሌላ ሰው ይሸከምልሽ። የማይቆም ደም፣ ትኩሳት፣ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት ካየሽ ተመለሺ። ከሳንባ ናሙና በኋላ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ከጉበት ወይም ከኩላሊት በኋላ ኃይለኛ ሕመም ወይም ራስ ማዞር ከመጣ «እስኪነጋ» አይባልም፤ ያኔውኑ ተነሺ።

ስምንተኛ፣ ውጤቱን ማንበብ ልመጂ። «ናሙናው በቂ አይደለም» ማለት «ነፃ ነሽ» ማለት አይደለም፤ እንደገና ይወሰዳል ማለት ነው። የእንቅርት ኤፍኤንኤ ውጤት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 6 በቁጥር ይመጣል። ይህ የክፍል ደረጃ አይደለምና 1 ወጣሽ ብለሽ እልል እንዳትዪ፤ 1 ማለት በቂ ሴል አልተገኘም፣ 2 ጉዳት የለውም፣ 6 ካንሰር ነው፤ መሃል ያሉት ተጨማሪ ምርመራ፣ ክትትል ወይም ቀዶ ሕክምና የሚሹ ናቸው። ወረቀቱ «ካንሰር የለም» ብሎ እብጠቱ ግን እያደገ ከሆነ ወረቀቱን ሳይሆን ሰውነትሽን እመኚ፤ ተመለሺና ይደገም። ከውጤቱ ቅጂ ጋር ስላይድ የሚባለው መስታወትና ሥጋሽ ያለበት የሰም ብሎክ የት እንደሚቀመጥ ጠይቂ። ብሎኩ ለዓመታት ይቆያል፤ ሌላ ሐኪም እንዲያይልሽ ከፈለግሽ ወይም ለሕክምና ወደ ሕንድ የምትሄጂ ከሆነ ከወረቀቱ ይልቅ የሚፈለገው እሱ ነው።

ደግሞ ይቺን ከልብሽ አኑሪያት፦ በትንሽ ክሊኒክም ቢሆን ከሰውነትሽ የወጣ ዕጢ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ ይሂድ። «ስብ ነው፣ ጣልነው» የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ ከመጣሉ በፊት ብልቃጥ ጠይቂ። የፓቶሎጂው ክፍያ ከብዶሽ እንዳትተዪው፤ እኛ ቤተሰብ አዋጥተን እንከፍላለን፣ ለሠርግ ስናዋጣ አይደል የምንውለው?

ዘጠነኛ፣ ውጤቱን ማን እንደሚሰማ አሁኑኑ ወስኚ። ቤተሰብ ሲወድሽ ይደብቅሻል፤ «ለሷ እንዳትነግሯት» ብሎ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ የሚጎትት አጎት አይጠፋም። አንቺ ማወቅ ከፈለግሽ ናሙናው በሚወሰድበት ቀን ለሐኪሙ «መጀመሪያ ለኔ ይነገረኝ» በዪው። አሜሪካ ያለሽው እህቴ፣ ያንቺ ፈተና ሌላ ነው። ከ2021 ወዲህ ውጤቱ ሐኪምሽ ሳይደውልልሽ ስልክሽ ላይ ሊመጣ ይችላል። ሌሊት ሥራ ላይ ሆነሽ ብቻሽን አትክፈቺው፤ ጠዋት ሰው አጠገብሽ ሲኖር ክፈቺው። ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የ12 ዓመት ልጅሽን የካንሰር ውጤት አታስተርጉሚያት።

ስፈራ ጉዳዩን አቆየዋለሁ የምትዪ ዓይነት መሆንሽን አውቃለሁ። ፍርሃቱን አልከለክልሽም፤ ይዘሽው ሂጂ። ተወግተሽ፣ ብልቃጡን አድርሰሽ፣ ውጤቱን ሳትወስጂ ከቀረሽ ግን የተወጋሽው በከንቱ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የሚተኛ ውጤት ማንንም አያድንም። እንግዲህ የውጤቱን ቀን ስልክሽ ላይ መዝግቢ፣ ለኔም ላኪልኝ። በዚያ ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ፓቶሎጂ በር ላይ ካላገኘሁሽ ቤትሽ መጥቼ በነጠላሽ ጎትቼ እወስድሻለሁ፤ እንደማደርገው ታውቂኛለሽ።